አቃቂ ላይ የተሠራችው አውሮፕላን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም። ባለፈው ቅዳሜ አቃቂ ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ስወጣ ከልቤ ያልወጣ ነገር ስላለ፣ እርሱን ይዤ ብቻዬን ከእናንተ ጋር መቆየትን መረጥሁ።

የአቪዬሽንና የሕዋ ሳይንስ ፍቅር ያሰባሰበን ጥቂት ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ክበብ እንመራለን። ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሻን፣ ሁለት የምሕንድስና ተማሪዎችና አንዲት የፊዚክስ መምህርት አሉ፤ የታሪኩ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የእኔ ድርሻ ነው። በዚያ ጠዋት ለልጆቹ አንድ ጥያቄ አቀረብሁላቸው፦ «በኢትዮጵያ ምድር የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን የት ነው የተሠራችው?» አንዱ ቦሌ አለ፤ ሌላው ደብረ ዘይት አለ፤ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «እኛ አገር አውሮፕላን ተሠርቶ ያውቃል እንዴ?» ብሎ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰልኝ። «እዚሁ አቃቂ ነው» ስላቸው ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች የስድስተኛ ክፍል ልጅ አንገቷን ወደ ውጭ መለስ አድርጋ፣ ዕለት ዕለት የምታየውን መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታይ ሆና ስትመለከተው አየሁ።

ፀሐይ የተባለችውን የዚያችን አውሮፕላን ታሪክ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ሰምታችኋል። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መካኒክ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች፣ «ኢትዮጵያ 1» የሚል መጠሪያም የተሰጣት ትንሽ አውሮፕላን ናት። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ የፋሺስት ጦር አገሪቱን መውረር ከጀመረ ከሁለት ወራት በኋላ በረረች። ይህን ጊዜ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ጦርነቱ በሰሜንና በደቡብ እየነደደ፣ የመርዝ ጋዝ በሰው ላይ ይርከፈከፍ በጀመረበት ወር፣ አቃቂ ላይ ሰዎች ቆመው የአውሮፕላን አካል ይገጣጥሙ ነበር። የጠላት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ፀሐይ ከተወለደች ገና አምስት ወር ቢሞላት ነው። ወደ ጣሊያን ተወስዳ ከሮም በስተ ሰሜን በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለረጅም ዓመታት ከቆየች በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሷ በይፋ ተነገረ። ሰማንያ ሰባት ዓመት አለፈ ማለት ነው። አቃቂ ስትሠራ በቦታው የነበረ ጎልማሳ ሁሉ፣ እርሷን ዳግም ለማየት ሳይታደል አልፏል።

እኔ ይህን ታሪክ ለልጆች ስናገር ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አነጋገሬ ግን ትክክል እንዳልነበረ የተረዳሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ሁልጊዜ የምጀምረው ከንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጀርመናዊው ባለሙያ እሻገራለሁ፤ ከዚያ ወራሪው ይመጣና ይወስዳታል፤ በመጨረሻም መንግሥታት ተነጋግረው ትመለሳለች። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ትረካ ውስጥ የአቃቂ ልጅ የሚቆምበት ቦታ የለም። ያዘዘው ንጉሥ ነው፤ ያወቀው ባዕድ ነው፤ የወሰደው ጠላት ነው። እንጨት የላገው፣ ብሎን ያጠበቀው፣ ጨርቅ የወጠረው፣ አውሮፕላኗ ለመነሣት ስትንደረደር ከጎኗ የሮጠው ሰው በአረፍተ ነገሬ ውስጥ አልተገኘም። የአቪዬሽን ታሪካችንን ለሕዝብ የምናስተዋውቅ ሰዎች በአብዛኛው የምናወራው ስለ አብራሪዎችና ስለ ባለሥልጣኖች ነው። አውሮፕላን ግን መጀመሪያ የእጅ ሥራ ነው፤ ልጅም ወደ ታሪክ የሚገባው በእጁ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። የታሪኩ ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ወደ ሜዳ ወጥተን፣ ልጆቹ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ቆርጠው የሠሯቸውን ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ማብረር ጀመሩ። አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ የሠራት አውሮፕላን ከእጁ እንደወጣች አፍንጫዋን ወደ ላይ ታነሣና፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ በጅራቷ ትወድቃለች። ሦስት ጊዜ ወረወራት፤ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ቴክኒሻኑ ጋሼ ቀስ ብለው ተጠጉትና «ልጄ፣ ምን ጎደላት?» አሉት። ልጁ አውሮፕላኗን በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ከክንፎቿ ሥር ደግፎ ሚዛኗን ተመለከተ፤ ጅራቷ ወደ ታች ዘመመ። «ከፊት ቀለላት ጋሼ» አለ። ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተው ሰጡት፤ እርሱም በፕላስተር አፍንጫዋ ላይ ለጠፈው። አራተኛው ውርወራ ላይ ሜዳውን አቋርጣ እስከ ባንዲራው እንጨት ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች። የስበት ማዕከል ከክንፉ ኋላ ሲያፈገፍግ አውሮፕላን መረጋጋት እንደማይችል ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያቺ ሳንቲም አስተማረችው። ወደ እኔ ዞሮ «የፀሐይንም ሚዛን እንዲህ ነው የለኩት?» አለኝ። መሣሪያው ይለይ እንጂ ሥራው ያው መሆኑን ነገርሁት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፀሐይ ለእርሱ የአንድ ሠሪ አውሮፕላን ሆነች፤ እርሱም ሠሪ ነውና።

ጋሼ ደግሞ የራሳቸው ትምህርት አላቸው። የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከፍተው ያሳያሉ፤ ውስጡ በፎም ተሞልቶ፣ ለእያንዳንዱ ኪያቬ፣ ለእያንዳንዱ ካቻቢቴና ፒንሳ በቅርጹ ልክ ጉድጓድ ተቆርጦለታል። ሥራ ሲያልቅ አንድ ጉድጓድ ባዶ ከሆነ ያ መሣሪያ አውሮፕላኑ ውስጥ ተረስቶ ሊሆን ይችላልና፣ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይነሣም። በዚያ ቀን አንዲት ካቻቢቴ ሳይታወቅ በኮታቸው ኪስ ከተቱና «እንግዲህ ይህ አውሮፕላን መቶ ሰው ይዞ ሊነሣ ነው፤ ፈትሹ» አሏቸው። ልጆቹ ወንበር ሥር ገቡ፣ ቦርሳቸውን አራገፉ፣ የመምህርቷን መሳቢያ ሳይቀር ከፈቱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዷ ልጅ ፊታቸው ቆማ «ጋሼ፣ እርስዎም አልተፈተሹም» አለቻቸው። ከኪሳቸው አውጥተው በእጇ ሲያስረክቧት ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን አይቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩበት ሙያ በዚያች አንዲት አረፍተ ነገር ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ሌላ አገር ይዣችሁ ልሂድ፤ መመለሻችን ግን አዲስ አበባ ነው። «ጥቂት ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ተሰብስባችሁ ምን ለውጥ ታመጣላችሁ?» ብለው የሚጠይቁኝ ወዳጆች አሉ፤ መልሴም ሁልጊዜ ቺካጎ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው የቺካጎ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ መካኒክ በከተማዋ ይኖር ነበር። በሚሲሲፒ ጠቅላይ ግዛት በገልፍፖርት ያደገ፣ የጥቁሮች ትምህርት ቤት በሆነው በተስኪጊ የመኪና ጥገና የተማረ ሰው ነው። መብረር ፈለገ፤ የቀለም መድልዎ ግን የበረራ ትምህርት ቤቱን በር ዘጋበት። እርሱና ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊ ታግለው ገቡና ተማሩ። ሲመረቁ ደግሞ ጥቁር አብራሪ እንደ ልቡ የሚያርፍበት ሜዳ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ መሰሎቻቸውን ሰብስበው የቻሌንጀር የአየር አብራሪዎች ማኅበርን አቋቋሙ፤ ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው ሮቢንስ በተባለች የጥቁሮች ከተማም የራሳቸውን የማረፊያ ሜዳ በእጃቸው አዘጋጁ።

ይህ ማኅበር የሠራውን አንድ ነገር ባሰብሁት ቁጥር ልቤ ይነካል። በ1921 የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ቤሲ ኮልማን፣ በአገሯ የሚያስተምራት ስላጣች ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ የተማረች ናት፤ በ1926 በአውሮፕላን አደጋ ሞታ ከቺካጎ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሊንከን መካነ መቃብር ተቀበረች። የማኅበሩ አባላት ከ1931 ጀምሮ በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ እየበረሩ ያስቧት ነበር። መሬት ላይ ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ አንድ የቺካጎ ልጅ ምን እንዳሰበ ገምቱ። የአቪዬሽንን ታሪክ ለሕዝብ ማዳረስ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ አዳራሽም፣ መድረክም፣ በጀትም አልነበራቸውም፤ ሟቿን በሚገባት መንገድ፣ በሰማይ፣ አስታወሷት።

ከዚህ ትንሽ ማኅበር የወጣው ሮቢንሰን ነው በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በወረራው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው። የጦር መሣሪያ የሌላቸውን ጥቂት አውሮፕላኖች ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር መልእክት ያመላልስ ነበር። ከእርሱ በፊት በ1923 ዓ.ም. ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ አብራሪ ሆነው ነበርና፣ መጥቶ ያገኘው ባዶ ሜዳ እንዳልሆነ ለልጆቹ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጣና ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ ይህች ከተማ የአውሮፕላን ድምፅ የለመደች፣ መብረር የሚማሩ ልጆችም ያሏት ከተማ ነበረች። ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ እዚሁ አረፈ፤ በጉለሌ መካነ መቃብርም ተቀበረ።

በእኛም አገር የማኅበርን ኃይል ያየንበት ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት መሥራች አባላቱ አርባ ሰባት ብቻ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ስለ ሕዋ ማውራት ለብዙ ሰው ቅዠት ይመስል ነበር። ዛሬ ከእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለኢትዮጵያ እንድትሰይመው የተሰጣት ኮከብ «ቡና» ተብሏል፤ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። ይህን ስነግራቸው አንዷ ልጅ ወዲያው «ቶናና በረካስ?» አለች። ገና ያልተገኙ ፕላኔቶች ስም ከወዲሁ ተዘጋጅቶላቸዋል።

ስለዚህ የታሪኩን ክፍለ ጊዜ ከእንግዲህ ለውጬዋለሁ። ቀድሞ ከፕሮጀክተር ፊት ቆሜ አርባ ደቂቃ እናገር ነበር፤ ከእንግዲህ የምናገረው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ እርሱም ልጆቹ እጃቸው ላይ አንድ ነገር ይዘው እየሠሩ። ልጆቹም በየቤታቸው አያቶቻቸውን ስለ ቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ስለ ድሮ አውሮፕላን፣ በአየር መንገድና በአየር ኃይል ስለሠሩ ዘመዶች እየጠየቁ ጽፈው እንዲያመጡ አዝዣለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት መጥቶልኛል፤ አንዱ ልጅ የአያቱ ወንድም አውሮፕላን ያጥቡ እንደነበረና፣ በክንፉ ላይ በባዶ እግራቸው ይቆሙ እንደነበረ በሁለት መስመር ጽፎልኛል። ያንን ወረቀት ከማንኛውም የታተመ ገጽ አስበልጬ አስቀምጬዋለሁ።

በመጋቢት ወር ደግሞ፣ ሮቢንሰን ባረፈበት ወር፣ ልጆቹን ጉለሌ ልንወስዳቸው ወስነናል። ስለ ቺካጎው ማኅበር ነግሬያቸው ስጨርስ፣ ካቻቢቴዋን ያገኘችው ልጅ እጇን አውጥታ «እኛ አውሮፕላን የለንም፤ ታዲያ በምን እንበርለታለን?» ብላ ጠየቀች። ሚዛኑን ያስተካከለው ልጅ ሳይፈቀድለት ተነሥቶ «በእኔዋ» አለ። እናም ተስማማን፤ እያንዳንዱ ልጅ በእጁ የሠራትን አንዲት የፎም አውሮፕላን ይይዛል፤ ክንፏ ላይ የአንድ የአቪዬሽን ሰው ስም ይጽፋል፤ መቃብሩ ጋ ስንደርስ በአንድ ጊዜ ይለቋቸዋል። እስካሁን ሃያ ሁለት ልጆች ተመዝግበዋል። የጉዞው ቀን ከአቃቂ የምንነሣው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጋሼ ደግሞ ሃያ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች አዘጋጅተው ለእያንዳንዱ ልጅ ቆጥረው ሰጥተዋል።