ብርቱካናማዋ የድንጋይ ላይከን ስሟ ማን ነው?

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ላይከን ነው፤ በተለይ ድንጋይ ላይ ስለምትኖረው ሩሳቭስኪያ ስለምትባለው ትንሽ ወገን። ናሆም፣ ምደባው ላይ ጀምርልን።

ናሆም፦ እሺ፣ ግን አራት ኪሎ ስመጣ አንድ የድንጋይ አጥር ላይ...

ሰላም፦ ጀመረ! (ሳቅ)

ናሆም፦ ስሚኝ እንጂ! አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ተጠጋሁ። ብርቱካናማ ናት፣ ጠርዟ ቅጠል ቅጠል እያለ ድንጋዩን ሙጭጭ ብሏል፤ መሃሏ ላይ ጥቃቅን ጽዋዎች። አንዲት እናት "ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። ሳሳያቸው "ይሄማ ሻጋታ ነው፤ እኔ የግቢዬን ጳጉሜ በመጣ ቁጥር በበረኪና ነው የምፈገፍገው" አይሉኝም!

ሰላም፦ እኛም ቤት ለእንቁጣጣሽ እንደዛው ነው።

ናሆም፦ እንዴ፣ ሰላም! አንዳንዷ እኮ በዓመት ግማሽ ሚሊሜትር ነው የምታድገው። መዳፍ የምታክለው የእማማ እኩያ ልትሆን ትችላለች።

ሰላም፦ አጥር ግን መጽዳት አለበት።

ናሆም፦ አዲሱን አጽጂ፣ የቆየውን ተዪው። ደግሞ በረኪናን አጥኚዎቹም ይጠቀሙበታል፤ ጠብ አድርገው፣ ቀለሙ ሲለወጥ ዓይነቱን ይለያሉ። ብርቱካናማዋ ላይ ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው ኬሚካል ነው የሚሠራው። ጠብ ሲልባት ወዲያው ቀይ ሐምራዊ ትሆናለች! ከፀሐይ የሚከልላት ፓሪየቲን የሚባል ቀለም ስላላት ነው።

ሰላም፦ ምደባው፣ ናሆም።

ናሆም፦ እሱ ላይ ነኝ! ላይከን ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩባት ናት። ሽዌንደነር የሚባል የስዊዘርላንድ የዕፅዋት ሊቅ በ1860ዎቹ መጨረሻ ይህን ሲል ብዙ ሊቃውንት አልተዋጠላቸውም። ሳይንሳዊ ስሟ የፈንገሱ ነው። አሁን ከሩሳቭስኪያ ዝርያዎች አንዷን ብርቱካናማ፣ ኤሌጋንስን እዪ፦ ሊንክ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በ1791 ሊኬን ኤሌጋንስ አላት፤ በ1860 ዛንቶሪያ፣ በ1871 ካሎፕላካ ተባለች፤ በ2003 ኮንድራትዩክና ካርኔፌልት የሚባሉ የላይከን አጥኚዎች ሩሳቭስኪያ አሏት።

ሰላም፦ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ግን አራት ስም ለአንዲት ላይከን? ዛንቶሪያ ብትባል ምን ነበረበት?

ናሆም፦ ቀለም አያዛምድማ! በ2013 እነዚህ ላይከኖች ያሉበት ቤተሰብ በዲኤንኤ ሲፈተሽም ሩሳቭስኪያ ራሷን ችላ ቀረች።

ሰላም፦ በ2005 ጠፈር የሄደችው ግን በዛንቶሪያ ስም ነው። የዚያን ሙከራ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ስም ካላወቀ አያገኘውም።

ናሆም፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን አስቢው፣ ፎቶን በምትባል መንኮራኩር ሁለት ሳምንት ያህል አየር በሌለበት፣ ለጠፈር ጨረር ተጋልጣ፣ በሕይወት ተመለሰች! እንዲህ ያለች ፍጡር ትክክለኛ ዘመዶቿ ሊታወቁላት ይገባል።

ሰላም፦ ዘመዶቿ ይታወቁ፤ ስሟን ግን አትቀያይሩብኝ።

ናሆም፦ በሚቀጥለው ፒያሳ ወጥተን ድንጋዩን እያየን እንከራከራለን።

ሰላም፦ እመጣለሁ፤ ዛንቶሪያ እያልኩ ነው ግን የምመጣው።