ቫዮሊን ደሴ ድረስ ይምጣ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የከተማችን አባቶችና እናቶች፣ መሣሪያችሁን አቅፋችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል፣ በግሸን ማርያም፣ አንዲት መነኩሲት በባዶ እግራቸው ይመላለሱ ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም ካይሮ ሄደው አጠኑ። ለንደን ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተገኝቶ ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ፤ ግሸን የወጡት ከዚያ ኀዘን በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የፒያኖ ድርሰቶቻቸው በዓለም ዙሪያ ይደመጡ ነበር።

እኔን፣ የልጆቹን የቫዮሊን መምህር፣ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ነበሩ፤ ቫዮሊኑ በዚያ ዕድሜ እጃቸው የገባው ለዚህ ነው። በዚያው ዘመን ከግሸን ሥር ፍየል የምትጠብቅ፣ ጆሮዋ ከእሳቸው የማያንስ ልጅ አልነበረችም ትላላችሁ? ነበረች። ስሟን የማናውቀው ቫዮሊን አይታ ስለማታውቅ ነው።

የሙዚቃ ሙያ ዕድሜ አይጠብቅም፤ ጣት የሚገራው በልጅነት ነው። ኮንሰርቫቶሪ የሚባሉት የውጭ አገር ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በ18 ዓመቱ የሚፈትኑት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ የተለማመደ ነው። አብዛኛው የእኛ ልጅ፣ ያውም ከቀናው፣ ቫዮሊን የሚይዘው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ክራር ይዞ አድጎ፣ ፒያኖን በ16 ዓመቱ ያሬድ ትምህርት ቤት አግኝቶ፣ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሯል። እንደ እሱ ያለውን ዐሥር ዓመት ሮጦ የሚያካክስ ስንት ሰው አለ?

የኮንጎዋን ኪንሻሳን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1994 አርማንድ ዲያንጊዬንዳ ኦርኬስትራ ሲያቋቁሙ ጀማሪዎቹ ጥቂት ቫዮሊኖችን እየተቀባበሉ ነበር የሚለማመዱት። ዛሬ ሲምፎኒ ይጫወታሉ። እንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቺኔኬ የተባለ ኦርኬስትራ ለጥቁር ሙዚቀኞች መድረክ ሆኗል፤ የወጣቶች ኦርኬስትራም አለው። በር እየተከፈተ ነው። ልጆቻችን በሩ ድረስ የሚደርሱበትን መንገድ ግን ሌላ ሰው አይጠርግልንም።

ጆሮውማ አላቸው! ባቲና አምባሰል የሙዚቃ ቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የእኛ የቦታ ስሞች ናቸው። የደሴ ልጅ በአንድ ጆሮው መንዙማ፣ በሌላው የያሬድን ዜማ እየሰማ ያድጋል። ማሲንቆ የነካ ልጅ ደጋን መሳብን ያውቃል፤ ቫዮሊን ሳስይዘው ግማሹን መንገድ ሄዶ ይጠብቀኛል። ቫዮሊን እንደ ጊታር የጣት ማረፊያ መስመር ስለሌለው አምባሰልን ያለ ችግር ያወጣል። ይህን ሳስተምር ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ ደስ ይለኛል።

አንዲት ተማሪ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ትመጣለች። አንዱን ቫዮሊን ከሦስት ልጆች ጋር ስለምትጋራ የሚደርሳት ግማሽ ሰዓት ነው። ዘንድሮ ለሁለት ወር ቀረች። ቤታቸው ስሄድ አባቷ፣ «መምህር፣ ልጄን አዝማሪ ልታደርጋት ነው?» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። አዝማሪን በሠርጋችን እየጠራን በልጃችን ላይ የምንፈራው ሁላችንም ነን። ይህ ፍርሃት ከገንዘብ እጦት ባልተናነሰ ልጆች አስቀርቶብኛል፤ ይበልጡን ሴቶቹን። ቡና እየጠጣን ብዙ ተነጋገርን። ልጅቷ ተመልሳለች፤ አባቷም ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

ንጉሥ ሚካኤል በዚህች ከተማ ያሠሩት የግብር ማብያ አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። የዚያ አዳራሽ ልጆች ነንና ልለምናችሁ። ግድግዳ ላይ አቧራ የለበሰ ቫዮሊን፣ ክላርኔት፣ ኪቦርድ ያላችሁ አውርዱልን፤ የተበጠሰ ክር እኛ እንቀይራለን። ባለ ሆቴሎች፣ ጠዋት ጠዋት ባዶ የሚውል አዳራሻችሁን ለሁለት ሰዓት ስጡን። የውጭ ውድድሮች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ቪዲዮ ነውና፣ ካሜራና ጸጥ ያለ ክፍል ያለው ሰው በዓመት አንድ ቀን ይርዳን። ወላጆች ደግሞ የሴት ልጃችሁን ቅዳሜ ለእኛ ተዉልን።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው። አሁን መድረኩን ለኮምቦልቻዋ ልጅ ልልቀቅ። የምትጫወተው አምባሰልን ነው። ተነሺ ልጄ፣ አብሽሪ።