በኦፕራሲዮን ወልደሽ ቤት ስትገቢ፦ ቆዳሽ "ዳንኩ" ቢልሽ አትመኚው

[ምስል፦ አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች እናት፤ አጠገቧ የሕፃን አልጋ። የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።]

ሕፃኑ አለቀሰ። ከአንቺ አልጋ እስከ እሱ አልጋ ሁለት እርምጃ ነው። ኦፕራሲዮን ከሆንሽ ገና አራተኛ ቀንሽ ከሆነ ግን ያቺ ሁለት እርምጃ ሩቅ አገር ናት።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያች ሁለት እርምጃና ከእሷ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ከአልጋ መነሳት፣ ልጅ ማንሳት፣ ማጥባት፣ ቤት ማስተካከል፣ መኪና መንዳት።

ከሆስፒታል ስትወጪ "ስድስት ሳምንት እረፊ" ተብለሽ ይሆናል። ምክሩ ጥሩ ነው። ግን አራስ ልጅ ይዞ ማረፍ እንዴት እንደሚቻል የሚያስረዳ የለም። ደግሞ በአርባ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ማብሪያው ሲጫኑት እንደሚበራ መብራት፣ በአንዴ የሚመጣ ጤና የለም።

[ምስል፦ የሆድ ሽፋኖች በሥዕል፣ ከላይ ወደ ውስጥ]

መጀመሪያ የተቆረጠው ምን እንደሆነ እንይ። ከውጭ የምታዪው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን መስመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አግድም፣ የፓንት ጠርዝ አካባቢ። ይህን አግድም አቆራረጥ ያስተዋወቀው ፕፋነንሽቲል የሚባል ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900። ስሙን ለመጥራት ምላስ ይታሰራል፤ የእጁ ሥራ ግን ዛሬ በስንትና ስንት ሴት ሆድ ላይ አለ።

ከቆዳው ሥር ስብ አለ። ከስቡ ሥር ጡንቻውን አቅፎ የያዘ ነጭ ጠንካራ ሽፋን አለ። ሆድሽን ወጥሮ የሚይዘው ዋናው ነገር እሱ ነው። ጡንቻዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ አይቆረጡም፤ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ። ከዚያ አንድ ስስ ሽፋን፣ ከዚያ ማህፀን።

ቆዳው በሁለት ሳምንት ገደማ ይገጥማል። መስታወት ፊት ቆመሽ "ዳንኩ" የምትዪው ያኔ ነው። ያ ነጭ ሽፋን ግን በስድስተኛው ሳምንት እንኳ ከቀድሞ ጥንካሬው ያገኘው ግማሹን ገደማ ነው። የቀረውን ለማግኘት ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ቆዳሽ "ጨርሻለሁ" ሲልሽ አትመኚው።

[ምስል፦ ነርስ እናትን ደግፋ ስታስነሳ]

ታዲያ ተኝቼ ልክረም? እሱም አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን ነርሷ መጥታ "ተነሺ፣ ትንሽ እንራመድ" ስትልሽ ጨካኝ ትመስልሻለች። ምክንያት አላት። በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው በቶሎ ይረጋል። ስትወልጂ ብዙ ደም እንዳይፈስሽ ሰውነትሽ የሚያደርገው ዝግጅት ነው። ይህ ባሕርይ ከወሊድ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። በላዩ ላይ ቀዶ ጥገናና መተኛት ሲጨመርበት እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል። ስትራመጂ የባትሽ ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንጀትሽም ይነቃል፤ የታመቀው ጋዝ መውጫ ያገኛል። በነገራችን ላይ ያ ጋዝ ከስፌቱ በላይ የሚያሠቃያቸው ሴቶች አሉ።

አነሳሱ ግን ዘዴ አለው። በጀርባ ተኝተሽ ቀጥ ብለሽ ለመቀመጥ አትሞክሪ። ጉልበትሽን እጠፊ። ትከሻሽንና ዳሌሽን አንድ ላይ አድርገሽ ወደ ጎን ዙሪ። እግርሽን ከአልጋው አውርጂ፤ በዚያው ቅጽበት በክንድሽ ፍራሹን ገፍተሽ ተቀመጪ። ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ስትነሺ አውጪው። ተቀምጠሽ አንድ ደቂቃ ቆዪ፤ ማዞሩ ይለፍ። ከዚያ ቁሚ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ! ስፌቱ የሚፈታ እየመሰላቸው ጎብጠው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ቀጥ ብሎ በመቆም ስፌት አይፈታም፤ በመጉበጥ ግን ወገብ ይታመማል።

ስታስዪ፣ ስታስነጥሺ፣ ስትስቂ ትራስ ወይም የተጣጠፈ ፎጣ ቁስሉ ላይ ጫን አድርገሽ ያዢ። ያ ቀልደኛ ዘመድሽ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ቢመጣ ይሻላል።

[ምስል፦ ሕፃን፣ ባልዲ፣ ትልቅ ልጅ በሚዛን ላይ በየተራ]

አሁን ወደ ማንሳት እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የተለመደው መመሪያ "በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጅሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ" ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ልጁን ማንሳት አልተከለከለም። ግን ልጁን ከነመኪና መቀመጫው ስታነሺው ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። 10 ሊትር ውሃ የያዘ ባልዲ 10 ኪሎ ነው። እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋም ቀላል አይደለም። እነዚህን ማንም "ከባድ ዕቃ" አይላቸውም፤ ሥራ ናቸው ይባላል።

ክብደቱ ብቻም አይደለም። ያንኑ 3 ኪሎ ከመሬት ጎንበስ ብለሽ ስታነሺውና በወገብሽ ልክ ካለ ጠረጴዛ ስታነሺው ሆድሽ የሚከፍለው ዋጋ ይለያያል። ስለዚህ ዳይፐሩን፣ ልብሱን፣ ፎጣውን ሁሉ ወደ ወገብ ከፍታ አምጪው። ቤት ከመግባትሽ በፊት አንድ ሰው ይህን ቢያዘጋጅልሽ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል። ጠረጴዛ ላይ ስትቀይሪው ግን አንድ እጅሽ ከሕፃኑ ላይ አይነሳ።

ትልቅ ልጅ ካለሽ ደግሞ ፈተናው እሱ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አዲስ ሰው ቤት ገብቷል፤ እናቱ ደግሞ "አትንኪኝ፣ አትንካኝ" ሆናለች። እጁን ዘርግቶ "እቀፊኝ" ሲል እምቢ ማለት ከቁስሉ በላይ ያማል። አንድ መላ አለ። አንቺ ተቀመጪ፤ እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ከጎንሽ ይጠጋ። ጭንሽ ላይ ትራስ አድርጊ፤ ልጆች ሲፈነጥዙ እግራቸው የት እንደሚያርፍ አይታወቅምና። ያኔ እቅፉ አይቀርበትም። የሚቀረው መነሳቱ ብቻ ነው።

[ምስል፦ ሁለት የማጥቢያ አቀማመጦች]

ማጥባትም ያው የክብደት ጉዳይ ነው። ሕፃኑን በሆድሽ ላይ አግድም ስታስተኚው እግሩ ስፌቱን ይመታል። በጎንሽ አድርጊው፤ ቦርሳ በብብትሽ እንደያዝሽ። ጭንቅላቱ በመዳፍሽ፣ እግሩ ወደ ኋላሽ። ወይም በጎን ተኝተሽ ፊት ለፊትሽ አስተኚው። ሶፋ ላይ አቅፈሽው እንቅልፍ እንዳይወስድሽ ግን ተጠንቀቂ፤ ለሕፃን አደገኛ ነው። በኦፕራሲዮን ሲወለድ ወተቱ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ቶሎ ቶሎ ስታጠቢው፣ ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ ስታደርጊው ይመጣል። ስታጠቢ ሆድሽን ቁርጥ ቁርጥ ካደረገሽ ማህፀንሽ እየተኮማተረ ነው ማለት ነው።

ስለ ማስታገሻ አንድ ነገር ልናገር። "እኔ እችላለሁ" ብሎ ክኒን መተው ጀግንነት አይመስለኝም። ካመመሽ አትራመጂም። በደንብ አትተነፍሺም። ተመቻችተሽ አታጠቢም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለምታጠባ እናት በተለምዶ የሚታዘዙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመሙ እስኪጠና ሳትጠብቂ በታዘዘልሽ ሰዓት ውሰጂ። የኩላሊት ችግር ወይም የጨጓራ ቁስለት ካለብሽ አይቡፕሮፌኑን ከሐኪም ጋር ተነጋገሪበት። ኮዴን ያለበት ማስታገሻ ግን ለምታጠባ እናት አይመከርም፤ ወደ ወተቱ አልፎ ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፤ ከዚያ ይደበዝዛል]

"ዛሬ አበዛሁት ወይስ አላበዛሁትም?" የሚለውን በምን ታውቂያለሽ? በቀን መቁጠሪያ አይደለም። በሞዴስሽ ነው።

በኦፕራሲዮን ብትወልጂም ደም ይፈስሻል። መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫና ነጭ ይሄዳል። እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቡናማ ሆኖ የነበረው ተመልሶ ቀይ ከሆነ ወይም ከበዛ፣ ብዙ ጊዜ ሰውነትሽ "ትናንት አብዝተሻል" እያለሽ ነው።

ከራሴ ልንገርሽ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጉልበት ተሰማኝ። ስፌቱ ደርቋል፣ ልጁ ተኝቷል፣ ቤቱ ደግሞ ዓይን ያስጠላል። ጠረግኩ፣ አልጋ አነጠፍኩ፣ ልብስ አሰጣሁ። በሰዓቱ ምንም አላመመኝም። በማግስቱ ጠዋት ግን ደሙ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ቀላ፤ ሆዴ ደግሞ እሳት። ሁለት ቀን ተኛሁ። የአንድ ሰዓት ጽዳት ሁለት ቀን አስከፈለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ ነገር ስሠራ የማግስቱን ጠዋት ሳላይ ሁለተኛውን አልጀምርም ነበር።

[ምስል፦ ቀይ ፍሬም። ሙዚቃው ይቆማል።]

ይህን ክፍል መጨረሻ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ግን እስከ መጨረሻው የማታይ ትኖራለች ብዬ እዚህ አመጣሁት።

አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ አትጠብቂ፤ ወደ ሐኪም ሂጂ። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ካወጣ ወይም ከተከፈተ፣ ፈሳሹ ከሸተተም እንዲሁ። አንድ እግርሽ ለብቻው ካበጠና ባትሽ ካመመሽ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ አምቡላንስ ጥሪ። የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብዥታ ወይም ብልጭታ ካለ፣ ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ከወሊድ በኋላም ይመጣል። ስትቀመጪ የሚብስ፣ ስትተኚ የሚለቅ ራስ ምታት ከሆነ ደግሞ ከጀርባ ማደንዘዣው ሊሆን ስለሚችል ተናገሪ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ራስሽን አልያም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን የዚያኑ ዕለት ለሰው ንገሪ። ሕክምና አለው።

[ምስል፦ ወደ ቤት ይመለሳል። ሙዚቃው ይቀጥላል።]

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ገላ መታጠብ፦ ቆሞ በሚወርድ ውሃ ይቻላል። ስፌቱን አትፈትጊው፤ ውሃው ይውረድበት፣ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ አድርቂው። ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ቁስሉ እስኪድንና ደሙ እስኪቆም ይቆይ።

ደረጃ፦ አይከለከልም። ቀስ ብለሽ፣ መደገፊያውን ይዘሽ። የሚያስፈልግሽን ዕቃ አስቀድመሽ አስበሽ በቀን የምትወጪበትን ጊዜ ቀንሺ።

ሆድ ድርቀት፦ ውሃ ጠጪ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብዪ። ካልሆነ ማለስለሻ መድኃኒት ጠይቂ። ማማጥ አያስፈልግም።

መኪና መንዳት፦ ጥያቄው ቀላል ነው። ድንገት ልጅ መንገድ ላይ ቢገባ ፍሬኑን በሙሉ ኃይልሽ፣ ሳታመነቺ መርገጥ ትችያለሽ? ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ ሞክሪው። ለብዙዎች ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የሚያስተኛ ማስታገሻ እየወሰድሽ ከሆነ ግን ጭራሽ አይሆንም።

ስፖርት፦ መጀመሪያ እርምጃ፤ ዛሬ አምስት ደቂቃ፣ ከተስማማሽ በየቀኑ ትንሽ ጨምሪ። የሽንት ቱቦው ከወጣ በኋላ ሽንት የሚይዘውን ጡንቻ ጨብጠሽ መልቀቅ ጀምሪ። "እኔ እኮ በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት" አትበይ፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመው ያው ጡንቻ ነው። ሩጫና ዝላይ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆዩ።

ግንኙነት፦ ደሙ ሲቆም፣ ቁስሉ ሲድን፣ አንቺም ስትፈልጊ። ሦስተኛውን አትርሺው። ወር አበባ ሳታዪም ማርገዝ እንደምትችዪ ግን እወቂ፤ የማታጠባ ሴት ከወለደች ሦስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ እንቁላል ልትለቅ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲሆን ይመክራል። ማህፀን ላይ ስፌት ላላት ሴት ይህ የበለጠ ትርጉም አለው።

[ምስል፦ ጠባሳ ላይ ቀስ ብሎ የሚያርፍ እጅ]

ጠባሳው ዙሪያ ቢደነዝዝሽ አትደንግጪ። ሲቆረጥ ጥቃቅን ነርቮች አብረው ተቆርጠዋል። ስሜቱ በወራት ቀስ እያለ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ያሳክካል፣ አንዳንዴ ይነዝራል። ትንሽ ቦታ ላይ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ምርመራ ስትሄጂ ሁለት ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ለምንድን ነው ኦፕራሲዮን የተደረግኩት? ማህፀኔስ የተቆረጠው እንዴት ነው፣ አግድም ነው ወይስ ቁልቁል? የቆዳው መስመር ይህን አይነግርሽም፤ ውጩ አግድም ሆኖ ውስጡ ቁልቁል ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ በምጥ መውለድ ትችዪ እንደሆነ ሐኪሙ የሚወስነው አንዱ በዚህ ነው። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂና ወረቀቱን ከልጅሽ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጪው።