ጥለቱ የእኛ፣ ጨርቁ ከባሕር ማዶ

(ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፤ በሱቅ በረንዳ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የሐበሻ ቀሚሶች)

ከእነዚህ ሁለት ቀሚሶች አንዱ በሸማኔ እጅ የተሠራ ሲሆን፣ ሌላው ጥለቱ በማሽን ታትሞበት ከቻይና በገባ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ከሩቅ አይለዩም፤ ጠርዛቸው ሲገለበጥ ግን የሸማኔው ጥለት ክሩ ከጀርባም ይዳሰሳል፣ የታተመው ደግሞ ደብዝዞ ይታያል። የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል በመሆኑ፣ አቅሟ ውስን የሆነ ገዢ ወደ ታተመው ብታዘነብል የሚያስወቅሳት አይደለም።

(ምስል፦ የጥንት የንግድ መንገዶችን የሚያሳይ ካርታ)

የዓለም ገበያ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ጭምር፣ በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፈው በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይደርሱ ነበር፤ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ያመረቱት አቡጀዲም በዚያው የባሕር በር ይገባ ነበር። አቡጀዲ ግን ጥለት አልነበረውም። የዛሬው ጨርቅ የሚገባው የሸማኔውን ንድፍ ራሱን ለብሶ ነው።

(ምስል፦ እንዝርት የምታሾር ሴት)

ከሸማኔው በፊት የምትጎዳው ፈታይዋ ናት። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር ቢያደርግም፣ ማጉን የሚያገኘው ጥጡን በመዳመጫ ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ከጓዳ ሥራ በተረፋት ሰዓት በእንዝርት ከምትፈትል ሴት ነው። የልቃቂቷ ዋጋ የባሏን እጅ ሳታይ ጨውና ቡና የምትገዛበት፣ የዕድር መዋጮዋን የምትከፍልበት የራሷ ገንዘብ ነው። የታተመ ጨርቅ ማግ አይፈልግም። ሸማኔው ቢቸግረው ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ ሊሞክር ይችላል፤ እርሷ ግን ልጆቿን ጥላ የት ትሄዳለች?

ባህላችን ተነካ ብሎ ለመቆጨት የሚቸኩል ሰው፣ ይኸው ማኅበረሰብ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲያንቋሽሽ መኖሩንም ማስታወስ ይገባዋል። ልብሱን በክብር ለብሶ ሠሪውን መናቅ ከቻይና የመጣ ልማድ አይደለም።

(ምስል፦ የጤፍ ማሳ፣ ምሥራቅ ጎጃም)

የሸማኔው ንድፍ የማን ነው? እንዲህ ያለው የባለቤትነት ጥያቄ በጤፍም ላይ ተነሥቶ ነበር። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለመብትነት ተሰጠው፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድ ውስጥ መብቱ እንዳይጸና ወሰነ። ውሳኔው የተገኘው ግን በሁለት ኩባንያዎች ሙግት ሲሆን፣ ምክንያቱም ሥራው የፈጠራ ደረጃ አይደርስም የሚል እንጂ ጤፉን ያቆየው ገበሬ መብት አለው የሚል አልነበረም።

(ምስል፦ በስልክ የተላከ የቀሚስ ፎቶ)

ይኸው ዓለም አቀፍ ገበያ በእጅ ለተሸመነው ልብስም ገዢ አምጥቶለታል፤ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለሠርግና ለጥምቀት የሚያዝዙት እርሱን ነው። ትእዛዙ በአብዛኛው በከተማ ነጋዴዎች እጅ ስለሚያልፍ፣ ቀሚሱ በዋሽንግተን ስንት እንደተሸጠ ሸማኔው ሳያውቅ የድካሙን ዋጋ ይቀበላል፤ ፈታይዋም ልቃቂቷን የምትሸጠው እርሱ ከተቀበለው ላይ በሚተርፈው ሒሳብ ነው።