መዝገብ ይሰጠን፣ ፍርድ እንጻፍ

የተከበራችሁ የጠበቆች ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ ክቡራን ዳኞችና ዐቃቤያነ ሕግ፣ ከሕግ ትምህርት ቤቱ የመጣችሁ መምህራን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከወረታ፣ ከዳንግላ የመጣችሁ ምን ያህል እንደተንገላታችሁ ይገባኛል። በዚህ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር መምጣት ቀላል አይደለም። ከልብ አመሰግናለሁ። የሥራና የሂሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ እሱን አልደግመውም። የተሰጠኝን ሰዓት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ላውለው። ጉዳዩ ልምድ ያላቸውን ጠበቆች በውድድር ፈተና ወደ ዳኝነት ማምጣት ነው።

ይህን ነገር በየቢሮአችንና በየሻይ ቤቱ ስናነሳው ከርመናል። አንዳንዶቻችሁ «ፈተናው ለይስሙላ ይሆናል» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ሃያ ዓመት ችሎት የቆመ ሰው እንደገና ምን ብሎ ይፈተናል?» ትላላችሁ። ሁለቱንም በደንብ ሰምቻለሁ። እኔ ፈተናው ይኑር ባይ ነኝ። የሚያሳስበኝ ምን ይፈትን የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እናስታውስ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 81 መሠረት የክልል ዳኞችን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ዕጩዎቹን የሚያቀርበው ደግሞ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ስለዚህ ፈተና ማንንም ዳኛ አያደርግም። ፈተና የሚጠቅመው ጉባኤው ፊት የቀረበው ስም ከየት እንደመጣ ስለሚያሳይ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ባለጉዳይ አዲስ ዳኛ ሲያይ ጎረቤቱን «ይሄ ደግሞ በማን በኩል ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። «ተወዳድሮ፣ ተፈትኖ ገባ» የሚል መልስ ማግኘት መብቱ ነው። ሕዝባችን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቀጥ ብሎ የሚቆም ሕዝብ ነበር። ያንን እምነት ችሎት ውስጥ ማቆየት የኛ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ይዘት ልምጣ። ሁላችንም የምናውቀውን አንቀጽ ልውሰድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይላል። በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግም ያዛል። ይህን የምርጫ ጥያቄ አድርጋችሁ አውጡት። ትናንት የተመረቀ ልጅ በግማሽ ደቂቃ ይመልሰዋል። ሃያ ዓመት የሠራውም ይመልሰዋል። ሁለቱን ምን ለያቸው? ምንም።

በምትኩ መዝገብ ስጧቸው። እንበል ቤቱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ሻጭና ገዢ በሦስት ምስክሮች ፊት ተፈራርመዋል። ገንዘቡ ተከፍሏል። ገዢው ስድስት ዓመት ኖሮበታል፤ የግንብ አጥርም ሠርቷል። ውልና ማስረጃ ግን አልሄዱም። ከዚያ የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ። ሻጩ ሞቱ። ልጆቻቸው «ውሉ ሕጉ ያዘዘውን ፎርም ስላላሟላ ይፍረስልን» ብለው ከሰሱ። መዝገቡ ውስጥ ክሱ አለ፣ መልሱ አለ፣ የምስክሮች ቃል አለ፣ ጠርዙ የተቀደደ የውል ወረቀት አለ። ከሁሉም መሃል ክስ በተሰማበት ቀን ከልጆቹ አንዱ ለዳኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ ተመዝግቧል፦ «አባታችን ቤቱን መሸጣቸውን አልክድም።»

አንድ መስመር ናት። ችሎት የለመደ ሰው ግን እሷ ላይ ሲደርስ ንባቡን ያቆማል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን ሲያገላብጥ የኖረ ሰው የፎርም ክርክር ላይ እንዲህ ያለ የእምነት ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቃል። ጭብጡ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ የሚወስንበት የክርክር ነጥብ፣ በሌላ መልክ መያዝ ሊኖርበት ነው። አንዱ ወራሽ ያመነው ሌሎቹን ያስገድዳል ወይ የሚለውም ይነሳል። ውሉ ይፍረስ ቢባልስ? ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይላል። የግንብ አጥሩ ወደ ምን ይመለሳል? የስድስት ዓመት ኑሮውስ? እዚህ ላይ ነው ሸምድዶ የመጣውና ሠርቶ የመጣው የሚለያዩት።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት ይያዝ ይላል። ምክንያቱን! ሁላችንም ሁለት ገጽ ክስና መልስ ከተገለበጠ በኋላ «ፍርድ ቤቱም መዝገቡን መርምሯል» ብሎ በሦስት መስመር የሚዘጋ ፍርድ ለደንበኛ አንብበን እናውቃለን። ከገጠር የመጡ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ከዚያ «እና ለምን ተረታሁ ልጄ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወረቀቱ ላይ መልስ የለም። እዚህ ያላችሁ ዳኞች የመዝገብ ክምር ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ወቀሳ አይደለም። ግን ምክንያት መጻፍ የሚችል እጅ አስቀድሞ ተፈልጎ መገኘት አለበት። የሚገኘውም በማጻፍ ነው። ስለዚህ ከፈተናው ነጥብ ትልቁ ድርሻ ለአንድ ሙሉ መዝገብ ይሰጥ። ተፈታኙ ግማሽ ቀን ይሰጠው፣ ጭብጥ ይያዝ፣ ማስረጃ ይመዝን፣ ፍርድ ይጻፍ።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህን ያጠናክራል። ሕንድን እንይ። በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 233 መሠረት ሰባት ዓመት በጥብቅና የሠራ ሰው ለዲስትሪክት ዳኝነት መቅረብ ይችላል። ከዚህ እርከን ቦታዎች 25 በመቶው ለዓመታት ከጠበቆች መካከል በውድድር ሲሞላ ቆይቷል። ለጀማሪ ዳኝነት ደግሞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መግባት ለዓመታት ተፈቅዶ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የሦስት ዓመት የጥብቅና ልምድን መልሶ ግዴታ አደረገው። ችሎት ሳያዩ ችሎት የተቀመጡ ወጣቶች ጉዳይ እንዳላዋጣ አይተውታል።

ደቡብ ኮርያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳኞቿን የሕግ ሥራ ልምድ ካላቸው ሰዎች መመልመል ጀመረች። የልምዱን ዓመት ደረጃ በደረጃ ወደ አሥር ለማድረስ ነበር ዕቅዱ። ግን ዕጩ ይጠፋል የሚለው ስጋት በረታ። በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ አምስት ዓመት ላይ እንዲቆም ተደረገ። ይሄኛው ለኛም ይሠራል። አሥራ አምስት ዓመት ብለን ብንጽፍ ወረቀቱ ያምራል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ይሆናል።

ለምን ባዶ ይሆናል? እውነቱን እንነጋገር። ስም ያወጣ ጠበቃ ቢሮ አለው፣ ደንበኛ አለው፣ በቢሮው ገቢ ልጆች ያስተምራል። የዳኝነት ደመወዝ ይህን አይተካም። ይህን ስል ማንንም ላስከፋ አይደለም፤ ደመወዝና መኖሪያ ቤት ሳይነሳ ስለ ምልመላ ማውራት ግን ዋጋ የለውም። ማኅበራችን ይህን ከመጠየቅ አይቦዝንም።

ደግሞ ከተማችን የምንተዋወቅባት ከተማ ናት። ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ የማታውቁት ባለጉዳይ አይኖርም። ትናንት ጠበቃ የነበረ ሰው ዛሬ ዳኛ ሆኖ ሲሰየም የቀድሞ ደንበኛው ፊቱ ይቆማል፤ የቀድሞ ተቃራኒ ወገንም ይቆማል። በጠበቃነት የያዘውን ጉዳይ ከማየት መነሳት እንዳለበት ግልጽ ነው። ለኔ ግን ይሄ አይበቃኝም። እዚህ ሲሠራ የኖረ ጠበቃ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደብረ ማርቆስ ወይም ወልዲያ ቢመደብ ይሻላል። ለእሱም እፎይታ ነው፣ ለባለጉዳዩም።

የፈተናው ንጽሕና ሌላው ነገር ነው። ወረቀቱ በኮድ ይታረም፣ ስም አይታይ። አራሚዎቹ ከአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይምጡ። ውጤቱ በይፋ ይለጠፍ። ቅር ያለው ሰው ወረቀቱ እንደገና እንዲታይለት የሚጠይቅበት ቀነ ገደብ ይኑር። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ እናንተ ራሳችሁ ብትወዳደሩ የምትፈልጉት ነው።

እህቶቼን ለብቻ ላናግራችሁ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በወጣትነታቸው ዳኛ ነበሩ። ከዚያ ወጥተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ። የእሳቸው ሹመት በፈተና አልነበረም፤ ከወንበሩ ውጪ የተሠራ ልምድ ወደ ወንበሩ ሊመለስ እንደሚችል ግን አሳይቷል። ከናንተ መካከል የቤተሰብና የቀለብ መዝገብ በመያዝ የሚስተካከላችሁ የሌለ አላችሁ። «እኔ ምን እሆናለሁ» እያላችሁ ፎርሙን ሳትሞሉ እንዳታልፉ እለምናችኋለሁ።

ታላላቆቻችንም፣ እናንተን በጣም እንፈልጋችኋለን። ፍርድ ሲበላሽ አብረን አዝነናል፣ አብረን ይግባኝ ጽፈናል። አሁን በሩ ከተከፈተ ውጭ ቆመን ማማረር አያምርብንም። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ቤቱን ማስተዳደር ያለበት አለ፣ ጤናው የማይፈቅድለት አለ። የሚችል ግን ይግባ።

ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ ደብዳቤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይታደላችኋል። የመዝገብ ፈተናው፣ የኮዱ እርማትና የምደባው ሐሳብ ሦስቱም ተካተዋል። አንብባችሁ እስክሪብቶ አንሱበት፤ የማትስማሙበትን ሰርዙ። ለመወዳደር ያሰባችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የባለጉዳይ ስም የተሰረዘባቸው የተዘጉ መዝገቦች ይዘን ፍርድ መጻፍ እንለማመዳለን። ጡረታ ከወጡ ዳኞች ሁለቱ ሊያርሙልን ፈቅደዋል።

በዚህ ዓመታዊ ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ወደ መድረኩ ይምጡልን።