ሾላው ላይ ያሉት ሁለቱ በቀቀኖች ዘመድ ናቸው?

ሄለን፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ ዳዊት ወፍ ይዞብን መጥቷል።

ዳዊት፦ ወፍ ብቻ አይደለም፣ የወፍ ዘር ቆጠራ ነው።

ሄለን፦ ኧረ በስማም! በሰው አልበቃ ብሎ?

ዳዊት፦ (ሳቅ) የኛውን እንተወው። ላቭበርድ ታውቂያለሽ አይደል?

ሄለን፦ በሽቦ ቤት የሚሸጡት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠጋግተው የሚቀመጡት።

ዳዊት፦ እነሱ። ግን ሰው ቀለም ያለው ትንሽ በቀቀን ካየ ሁሉንም ላቭበርድ ይለዋል። ያ ጅራቱ ረዘም ያለው፣ ጀርባው ዥንጉርጉር የሆነው የአውስትራሊያው በጂ ነው፣ ሌላ ወገን። እውነተኞቹ ላቭበርዶች 9 ዝርያ ናቸው፣ ጅራታቸውም አጭር ነው። አንዱ የማዳጋስካር ነው፣ 8ቱ የአፍሪካ ዋና ምድር።

ሄለን፦ እኛ ጋስ?

ዳዊት፦ ሁለት አሉ። አንደኛው ጭንቅላቱ ቀይ የሆነው ነው፣ በምዕራብ ቆላ በኩል። ሁለተኛውን ግን ሳታይው አልቀረሽም። አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ሁሉ ይመጣል።

ሄለን፦ ቆይ፣ ያ አረንጓዴው? ቤተ ክርስቲያን ጥድ ላይ እየተንጫጫ የሚያርፈው?

ዳዊት፦ እሱ ራሱ! ክንፈ ጥቁሩ ላቭበርድ። አገሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ከ9ኙ ትልቁ እሱ ነው፣ ትልቁ ስልሽ ታዲያ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ዐይኑንም ቀጭን ቀይ ላባ ይከበዋል። ሴቷ ጭንቅላቷ ሙሉ አረንጓዴ ነው። የወንዱን ክንፍ ሲበር ከስር ካየሽው ጥቁር ነው።

ሄለን፦ ሳይንሱ ምን ይለዋል?

ዳዊት፦ አጋፖርኒስ ታራንታ። ታራንታ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው የሚያስወጣ መተላለፊያ ነው፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በዚያ በኩል መጥቶ ነበር። የሐበሻ ጉዞው በ1814 እ.ኤ.አ. ሲታተም ወፉም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተመዘገበ።

ሄለን፦ እሺ፣ የዘር ቆጠራው የቱ ጋ ነው?

ዳዊት፦ ደረስን። ፍጥረታትን በወገን በወገን የመደበው ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 በቀቀን የተባለን በሙሉ አንድ ወገን ውስጥ ነበር ያጎረው። ላቭበርዶች የራሳቸውን ወገን ያገኙት በ1836 ነው፣ ሴልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ለያቸው። አሁን ልጠይቅሽ። ደጋችን ላይ ሌላም በቀቀን አለ። ፊቱ ቢጫ፣ ገላው አረንጓዴ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ። ላቭበርዱና እሱ አንድ ሾላ ላይ ፍሬ ሲበሉ ብታያቸው ምን ትያለሽ?

ሄለን፦ ታላቅና ታናሽ።

ዳዊት፦ እንኳን ወንድማማች፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ አይደሉም። ፊተ ቢጫው ከግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ጋር ነው የሚመደበው፣ ከደቡብ አሜሪካ ማካዎችም ጋር። ላቭበርዱ ግን ከእስያና ከአውስትራሊያዎቹ ጋር ነው። የቅርብ ዘመዱ እስያ ውስጥ እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቆ የሚተኛ ትንሽ በቀቀን ነው።

ሄለን፦ አትለኝም! አንድ ዛፍ እየተጋሩ?

ዳዊት፦ ዲኤንኤው ነው ያጋለጣቸው። አረንጓዴነትና ጉርብትና ብቻውን ዘመድ አያደርግም። ለዚህ ነው በቀለም የሚለይ ሰው ሳይ የምስቀው።

ሄለን፦ እርስ በርሳቸውስ? 9ኙ ማለቴ ነው።

ዳዊት፦ የኛው፣ ቀይ ራሱና የማዳጋስካሩ ወንድና ሴታቸው በመልክ ይለያል። የቀሩት ላይ ግን ወንዱን ከሴቷ በዐይን መለየት ከባድ ነው። ከእነዚያ ውስጥ 4ቱ ዐይናቸው ዙሪያ ላባ የሌለው ነጭ ቀለበት አላቸው። ፊተ ሮዙ የናሚቢያው ቀለበት የለውም። እሱን ከባለቀለበቶቹ ጋር ካዳቀልሽ የሚወለዱት መካን ናቸው።

ሄለን፦ ሞክሮት ያየ አለ?

ዳዊት፦ አለ እንጂ! ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ዊልያም ዲልገር የሚባል ተመራማሪ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ። ፊተ ሮዟ ለጎጆ የሚሆናትን ቅጠል ወይ ወረቀት በምንቃሯ በረጅሙ ትቀዳለች። ከዚያ ቅዳጆቹን ከጅራቷ በላይ ላባዋ ውስጥ ሽጉጥ ሽጉጥ አድርጋ ትበራለች። ከባለቀለበቶቹ አንዱ፣ ፊሸር የሚባለው የታንዛኒያው ላቭበርድ ደግሞ አንድ አንዱን በምንቃሩ ይዞ ይሄዳል።

ሄለን፦ ድቅሉስ?

ዳዊት፦ ግራ ገባው! ላባው ውስጥ ይሸጉጣል፣ አጥብቆ ስለማይሸጉጥ ይወድቅበታል። ሸጉጦ ምንቃሩን ሳይለቅ መልሶ ይመዘዋል። በምንቃር መያዙን ለመልመድ ዓመታት ነው የፈጀበት። ከለመደ በኋላም ሊበር ሲል ጭንቅላቱን ወደ ጀርባው ዘወር ያደርጋል።

ሄለን፦ ወይኔ፣ ሲያሳዝን።

ዳዊት፦ ባለቀለበቶቹ ግን እርስ በርስ ተዳቅለው የሚወልድ ልጅ ያፈራሉ። ኬንያ ናይቫሻ አካባቢ ከሰው እጅ የወጡ ሁለት ዓይነቶች ተቀላቅለው በነፃነት እየተባዙ ነው።

ሄለን፦ እንግዲያ አንድ ዝርያ ናቸዋ!

ዳዊት፦ እንደዚያ የሚሉ አሉ፣ 4ቱን አንድ ዝርያ አድርገው ንዑስ ዝርያ ብለው የሚከፍሏቸው። እኔ አልስማማም። ናይቫሻ ላይ ያገናኛቸው ሰው ነው። በየአገራቸው ያሉት ግን መልካቸውንም አካባቢያቸውንም እንደጠበቁ ናቸው።

ሄለን፦ አራት ሆኑ አንድ፣ ለወፎቹ ምን ለውጥ ያመጣል?

ዳዊት፦ ያመጣል እንጂ። ከ4ቱ ፊተ ጥቁሩን ውሰጂ፣ ደቡብ ምዕራብ ዛምቢያ ውስጥ አንዲት ጠባብ አካባቢ ላይ ብቻ ነው ያለው። ራሱን የቻለ ዝርያ ስለተባለ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ተመዝግቧል። ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ቢቆጠር ኖሮ "በሺዎች የሚቆጠሩ አሉ" ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ሄለን፦ እሺ፣ በዚህስ ረትተኸኛል። አሁን ወደ አድማጮች ጥያቄ እንሂድ።