ሳውንድ ካርድ ልግዛ ወይስ ስፒከር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በቀጥታ የስልክ ሰዓታችን ስለ ኮምፒዩተር ድምፅ የመጡት ጥያቄዎች በሰዓቱ አላለቁም። መልሱን እዚህ በጽሑፍ አሰፋዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሁልጊዜ የምለውን ልድገመው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሞክሩ። ስፒከሩን ከኮምፒዩተሩ ነቅላችሁ ስልካችሁ ላይ ሰኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ ደግሞ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ሰኩበት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

«የዴስክቶፔ ድምፅ የታፈነ ነው። ሳውንድ ካርድ ልግዛ ወይስ ስፒከር?» (ከአዳማ)

ስፒከር። ከአሥር ሰው ለዘጠኙ መልሴ ይኸው ነው።

ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ድምፅ እንዲያወጣ የሚጨመርበት ካርድ፣ የግድ የነበረበት ዘመን ነበር። ሳውንድ ብላስተር የተባለው ካርድ እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ ሲወጣ ተራው ኮምፒዩተር «ጢጥ» ከማለት ብዙም አይዘልም ነበር። ዛሬ ግን የድምፅ ቺፑ ማዘርቦርዱ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተሠርቶ ይመጣል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው የሚሰማው፤ ቺፑ ይህን በደንብ ይሸፍናል። በዕቃ መሸጫው ከኮምፒዩተሩ ጋር «ምርቃት» ተብላ የምትሰጠው ትንሽ የፕላስቲክ ስፒከር ግን አትሸፍንም። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማው ጥሩ ከሆነ ካርዱን እርሳው። በጆሮ ማዳመጫም ሽሽሽ ወይም ፍጭጭ የሚል ድምፅ ካለ፣ ያኔ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ግዛ። ሳጥኑን መክፈት ሳያስፈልግህ ከማዘርቦርዱ ረብሻ ትገላገላለህ።

«ላፕቶፔ ላይ በገና ስሰማ ንዝረቱ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በሶፍትዌር ይስተካከላል?» (ከጎንደር የደወሉ አባት)

አይስተካከልም፣ አባቴ። ግን ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል፤ ጆሮዎ በትክክል ነው የሰማው።

በገና አሥር አውታር አለው፤ ድምፁም በጣም ወፍራም ነው። ያ የሚነዝረው ድምፅ ደግሞ አውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዚራው ይመጣል። ንዝረቱ ቀጭን ድምፅ ስለሆነ የላፕቶፑ ስፒከር ያወጣዋል። ወፍራሙን ለማውጣት ግን ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ስፒከር ይህን አይችልም። ስለዚህ መሠረቱ ጠፍቶ ላዩ ብቻ ይቀራል። ሶፍትዌር ጨምረው ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ቢያስገድዱት ስፒከሩ ይቀደዳል። ሰፋ ያለ ስፒከር ይግዙ። ለመግዛት ሲሄዱ ያንኑ በገና በስልክዎ ይዘው ሱቁ ውስጥ ያስከፍቱት። ሳይሰሙ እንዳይከፍሉ።

«አረንጓዴውና ሮዙ ቀዳዳ ልዩነታቸው ምንድነው?»

አረንጓዴው ለስፒከር፣ ሮዙ ለማይክ።

«እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝን ስፒከር ልሰካው?» (ከአዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር)

ቆይ እህቴ፣ እንዳትሰኪው። መጀመሪያ ጀርባውን ወይም ቻርጀሩን አንብቢ። «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለውም፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቂ ነው። «120» ብቻ ካለ ግን የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። የሶኬት መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፤ ዋቱም ከስፒከሩ ከፍ ያለ ይሁን። ከእንዲህ ያለ ስህተት በኋላ ወደ እኔ የመጣ ዕቃ ብዙ ነው። አብዛኛው አልተረፈም።

«ስፒከሬ ሁልጊዜ "እምምም" ይላል። አንድ ባለሙያ የሶኬቱን ግራውንድ በፕላስተር ሸፍኖ አጠፋልኝ። ልክ ነው?» (ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ወጣት፣ ከመገናኛ)

ልክ አይደለም ወንድሜ። ፕላስተሩን ዛሬውኑ አንሳው። ግራውንድ ማለት ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር ነው። ይህን ጥያቄ ቶሎ ቶሎ እሰማዋለሁ፣ በሰማሁት ቁጥርም እጨነቃለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው? የመብራታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኮምፒዩተርህን አንድ ግድግዳ ላይ፣ አምፕሊፋየሩን (ለስፒከሩ ድምፁን የሚያጎላውን ዕቃ) ሌላ ግድግዳ ላይ ሰክተሃል እንበል። ሁለቱም ግራውንድ አላቸው። በድምፅ ኬብሉም ተያይዘዋል። ይኼኔ ግራውንዱና ኬብሉ ገጥመው ቀለበት ይሠራሉ። በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን አጉልቶ ያሰማሃል። ግራውንዱ ሲሸፈን ቀለበቱ ይበጠሳል፣ ድምፁም ይጠፋል። ሰውዬው ያስተካከለው የመሰለህ ለዚህ ነው።

ግን አብሮ የጠፋ ነገር አለ። ውስጥ ያለው የፌዝ ሽቦ (ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው) ተልጦ የብረት ሳጥኑን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በግራውንድ በኩል ይሄድና ብሬከሩ ይወርዳል። አንተ አልተነካህም። ግራውንድ ከሌለ ግን ብሬከሩ አይወርድም። ሳጥኑ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቀመጣል፤ ሰው እስኪነካው። ያ ሰው አንተ ልትሆን ትችላለህ፣ ከጠረጴዛው ሥር የሚጫወት ልጅህም ሊሆን ይችላል። በድምፅ ኬብሉ በኩል ደግሞ እስከ ማይኩ ድረስ ይደርሳል። እኔ በወጣትነቴ አንድ አዳራሽ ውስጥ ግራውንዱ የተቆረጠ የድምፅ ሚክሰር ይዞኝ ያውቃል። ያዳነኝ ጓደኛዬ ነው፤ እኔን ሳይነካ ሶኬቱን ነቀለው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አልልም።

«ኮምፒዩተሬን ስነካው ይነዝረኛል» የምትሉም ስሙኝ። የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ያሳልፋል። ግራውንድ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከሌለ በእናንተ በኩል ይወርዳል። ንዝረቱ ራሱ ትንሽ ነው። የሚነግራችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው፦ ሶኬታችሁ ግራውንድ የለውም፣ ወይም ተቋርጧል።

ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ ሦስት እግር አለው። ሁለት እግር ብቻ ያላት ርካሽ መቀየሪያ ስትሰኩበት ሦስተኛው እግር የትም አልደረሰም። ግራውንዱን ቆረጣችሁት ማለት ነው። ከዚህ የባሰውም አለ። ግራውንድ የሌለው ቤት ውስጥ ሶኬቱ ላይ ግራውንዱን ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር የሚያስሩ ሰዎች አሉ። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ቢላቀቅ የዕቃው ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። እባካችሁ፣ ይህን ማንም ሰው ቤታችሁ ውስጥ እንዳይሠራ።

ታዲያ «እምምም»ን እንዴት እናጥፋው? ኮምፒዩተሩንና ስፒከሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። ብዙ ጊዜ እዚሁ ያልቃል። የድምፅ ኬብሉን ከመብራት ኬብሉ አርቀው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀልና ስማ፤ ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ይኸው ቀለበት ነው። አሁንም ካለ በድምፅ ኬብሉ መሃል የሚገባ ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር አለ። ሲግናሉን ያሳልፋል፣ ቀለበቱን ይቆርጣል። ልብ በል፣ የሚቆረጠው በድምፅ ኬብሉ በኩል ነው እንጂ በመብራቱ በኩል አይደለም። ኮምፒዩተርህና ስፒከርህ የኦፕቲካል ቀዳዳ ካላቸው እሱ ከሁሉም ይሻላል፤ ድምፁ በብርሃን ስለሚሄድ የሚያገናኛቸው ሽቦ አይኖርም።

የቤቱን ግራውንድ ራስህ አትሞክር። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ በመለኪያ እንዲያየው አድርግ።

«በዙም ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። የብሉቱዝ ማዳመጫዬ ሙዚቃ ላይ ጥሩ ነው፣ ዙም ስከፍት ግን እንደ ድሮ ስልክ ይሆናል።» (ከአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ማዳመጫሽ ደህና ነው፣ አትቀይሪው። ማይኩ ሲከፈት ብሉቱዙ ድምፅ መላክም መቀበልም ስላለበት ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳል። ዙም ውስጥ ገብተሽ ማይኩን የላፕቶፑን አድርጊው፣ መስሚያው ብቻ ብሉቱዝ ይሁን። ለመምህር ግን ባለ ሽቦ ማይክ እመርጣለሁ። ልጆቹ «ጨ»ንና «ጸ»ን ከአፍሽ ለይተው መስማት አለባቸው።

«አዲስ ስፒከር ገጠምኩ፣ ቤዙ የለም።»

የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ አገላብጠህ ገጥመኸው ይሆናል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙም ይጠፋል። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀል፣ ከዚያ አስተካክል። ሁልጊዜ ነቅላችሁ ሥሩ።

«ልጄ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ድምፁን ከ100 በመቶ በላይ አድርጎ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ያድራል። አሁን ጆሮዬ ይጮሃል ይላል።» (ከደሴ የደወሉ እናት)

እናቴ፣ ከ100 በላይ ሲወጣ ድምፁ ጫፉ እየተቆረጠ ይበላሻል። ጥራት አይጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ለልጆች 75። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዓቱ በጣም ያጥራል። የሞተ የጆሮ ሴል ደግሞ አይመለስም። ጆሮው የሚጮህ ከሆነ የእኔ ሥራ አይደለም። በዚህ ሳምንት ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይውሰዱት።

«የአምፕሊፋየሬን ቮልዩም ሳዞረው ይንኳኳል። ከፍቼ ላጽዳው?»

ቮልዩሙ ውስጥ አቧራ ገብቷል፣ ቀላል ነው። አንተ ግን አትክፈተው። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ለቴክኒሻን ውሰደው።